ጨለማ ያለበትን መጽሐፍ ለአንባቢ ስለ ማቅረብ

(በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ አንባቢ የተዋሰውን መጽሐፍ ሲመልስ «እንደዚህ ያለ ሌላ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠውም መልስ ቀላል ነው። ዘንዶ ያለበትን ላነበበ ሌላ ዘንዶ ያለበት ይሰጠዋል፤ ስለ ጠንቋዮች ያነበበም ስለ ጠንቋዮች የሚተርክ ሌላ ቅጽ ታቅፎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ አንባቢው የወደደው ዘንዶውን ላይሆን ይችላል። ምናልባት የወደደው አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ከማያውቃቸው ሰዎች ዘንድ ቤት ማግኘቱን ነው፤ ወይም ክፉው ሰው በመጨረሻ የእጁን ማግኘቱን ነው። እንዲህ ላለው ሰው ልጁ ቤት የማያገኝበትን፣ ክፉውም ሳይቀጣ የሚቀርበትን ባለ ዘንዶ መጽሐፍ መስጠት እንጀራ ለለመነ ድንጋይ እንደ ማቀበል ነው። አንባቢው መጽሐፉን ከመካከል አቋርጦ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛም ምክር ለመጠየቅ ወደዚያ ጠረጴዛ አይቀርብም።

ይህ ንግግር የሚመለከተው በባሕር ማዶ «ፋንታሲ» የሚባለውን፣ በአማርኛም ምትሃታዊ ልብ ወለድ ሊባል የሚችለውን የድርሰት ዘርፍ ነው። በተለይም ከ2010 ወዲህ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከታተሙት መካከል ለአንባብያን ሊቀርቡ የሚገባቸውን ጥቂት መጻሕፍት ያነሣል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለዘርፉ የኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ጭራቁን በሕፃንነቱ ከምድጃ አጠገብ ሰምቶታል፤ ቀን ሰው ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው ቡዳም በሹክሹክታ ሲወራ አድምጧል። በገድላትም ውስጥ ወንዝ ሲከፈልና አውሬ ለጻድቅ ሲታዘዝ አንብቧል። አዲስ የሚሆንበት ነገር ቢኖር ዛሬ በዚህ ዘርፍ የሚጽፉት ደራስያን ከተረት አባቶች የተለየ ውል መግባታቸው ነው። በተረት ውስጥ ጭራቁ የዋጣቸው ልጆች ከሆዱ በሕይወት ሊወጡ ይችላሉ። የዘርፉ ጽልመታዊ ቅርንጫፍ በሚባለው ድርሰት ግን የተወሰደው አይመለስም፤ የዳነውም ሰው ለመዳኑ ዋጋ ይከፍላል። ጽልመታዊ የሚለው ቅጽል የሚገልጸው ይህንን ነው እንጂ በገጾቹ ላይ የፈሰሰውን ደም ብዛት አይደለም። ደም በብዛት የሚፈስባቸው ሆነው ሳለ አንባቢውን አጽናንተው የሚያሰናብቱ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ለወራት የሚከብዱም አሉ።

ስለዚህ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለ መጽሐፉ በቅድሚያ ማወቅ የሚገባው በውስጡ ያሉትን ፍጥረታት ሳይሆን መጽሐፉ ከአንባቢው የሚጠይቀውን ዋጋ ነው። ይህንንም ሳይሸሽግ ለአንባቢው የመንገር ግዴታ አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው፣ ለዚህ ሙያ ሰዎች የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ቅርብ የሆነው የሶፊያ ሳማታር መጽሐፍ ነው። «ኤ ስትሬንጀር ኢን ኦሎንድሪያ» ይባላል፤ «እንግዳ በኦሎንድሪያ» እንደ ማለት ነው። የታተመው በ2013 ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን አግኝቷል። የደራሲዋ አባት የሶማሌ ታሪክና ሥነ ቃል አጥኚ የነበሩት ሰዒድ ሼክ ሳማታር ናቸው፤ ደራሲዋ ራሳቸውም በደቡብ ሱዳንና በግብፅ እንግሊዝኛ አስተምረዋል። የታሪኩ ባለቤት ጀቪክ ጽሕፈት በማይታወቅበት ደሴት የሚኖር የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ከሩቅ አገር ያመጡለት መምህር ፊደል ያስቆጥረዋል፤ ልጁም መጻሕፍት ወደሚነበቡበት ወደዚያ አገር ይናፍቃል። አባቱ ሞተው ንግዱን ተረክቦ ሲሄድ ግን በመርከብ ላይ በጽኑ ሕመም የተያዘች አንዲት ያገሩን ልጅ ያገኛል። ልጅቱ ማንበብ አታውቅም። ከሞተች በኋላ መንፈሷ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ያስጨንቀዋል፤ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታሪኳን በመጽሐፍ እንዲጽፍላት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጦርና ጎራዴ ፍለጋ የሚገባ አንባቢ ባዶ እጁን ይወጣል። አካሄዱ ዝግተኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ረጃጅምና በምስል የተሞሉ ስለሆኑ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው የሚያደክሙ ናቸው። ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በሌላ በኩል መጽሐፍን በሚወድ ሰው ላይ ይህን ያህል የሚጨክን ድርሰት ጥቂት ነው። ጀቪክ ንባብን እንደ ንጹሕ ጸጋ አድርጎ ተቀብሎታል። የሟቿ ልጅ ድምፅ ግን ያ ጸጋ ማንን በር ላይ እንዳስቀረ ታስታውሰዋለች። ፊደል በክብር በሚያዝበትና ፊደል ያልቆጠረ ሰው በሚናቅበት አገር ሁሉ ይህ ጥያቄ ሥር አለው። ቤተ መጻሕፍቱ ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት አቅም ቢኖረው መግዛት የሚገባው ይህንን ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዘመን ሽልማቱ የሚሰጠው የኤች. ፒ. ላቭክራፍትን ራስ በሚያሳይ ሐውልት አምሳል ነበር። ላቭክራፍት በአስፈሪ ድርሰቶቻቸው የታወቁ፣ በጥቁሮች ላይ በነበራቸው ንቀት ግን የሚነቀፉ ደራሲ ናቸው። ከሳማታር በፊት በ2011 ሽልማቱን ያገኙት ኔዲ ኦኮራፎር በዚህ ማዘናቸውን በጽሑፍ ገልጸው ነበር። በ2015 ሐውልቱ እንዲቀር ተወሰነ። ይህ ክርክር ዘርፉ በማን እጅ እንደ ነበረና ዛሬ ወደ ማን እጅ እንደ ደረሰ ያሳያል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የሱዛና ክላርክ «ፒራኔሲ» ነው። ደራሲዋ የመጀመሪያውን ትልቅ ልብ ወለዳቸውን በ2004 ካወጡ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ይህን ሁለተኛ ልብ ወለድ በ2020 አሳተሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በብሪታንያ ለሴት ደራስያን የሚሰጠውን የልብ ወለድ ሽልማት አገኙበት። ታሪኩ የሚፈጸመው መጨረሻ በሌለው ቤት ውስጥ ነው። በአዳራሾቹ ግድግዳ ዙሪያ ሐውልቶች ተደርድረዋል፤ በምድር ቤቱ ባሕር ይሞላል፤ በላይኛው ፎቅ ደመና ያንዣብባል። በውስጡ የሚኖረው ሰው ቤቱን ይወደዋል፤ ዓሣ እያጠመደ፣ የማዕበሉን ሰዓት እየመዘገበ፣ የሙታንን አጽም እየተንከባከበ ይኖራል። ስሙ የተወሰደው በምናብ የተፈጠሩ እስር ቤቶችን ሥዕል በመቅረጽ ከታወቁት ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ኢጣሊያዊ ነው። ይህም ብዙ ነገር ይጠቁማል።

«ፒራኔሲ» አጭር ነው፤ ቋንቋውም የጠራ ነው። ምትሃታዊ ልብ ወለድ አንብቦ ለማያውቅ፣ እንዲያውም ዘርፉን ለሚንቅ አንባቢ ከዚህ የተሻለ በር አይገኝም። ሆኖም የዋህ ሰው በሌላ ሰው እንዴት እንደሚበዘበዝ የሚያሳይ ታሪክ ስለሆነ ጨለማው ከቶ ቀላል አይደለም። ስለ ይዘቱ ከዚህ በላይ መናገር አንባቢውን መስረቅ ይሆናል።

ተረት ለሚወዱና ጨለማውን በልክ ለሚፈልጉ ደግሞ የቲ. ኪንግፊሸር «ኔትል ኤንድ ቦን» አለ፤ ሳማና አጥንት ማለት ነው። በ2022 ታትሞ በ2023 የሁጎ ሽልማትን አገኘ። ዕድሜዋ ሠላሳ የደረሰ፣ በገዳም ያደገች ልዕልት እኅቷን የሚያሠቃየውን ባሏን ለመግደል ትነሣለች። መቃብር ጠባቂዋም ከሳማ ካባ መሥራትን፣ ከአጥንት ውሻ መገጣጠምን የመሰሉ የማይቻሉ ሥራዎች ታዝዛታለች። ጋኔን ያደረባት ዶሮም በጉዞው ውስጥ አለች። መጽሐፉ ያስቃል። ነገር ግን መነሻው በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ መሆኑ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ ሥዕሉንና ቀልዱን ብቻ አይተው ለወጣቶች የሚሰጡት ሰዎች ይሳሳታሉ።

ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት መጻሕፍት ክብደታቸው ከፍ ያለ ነው።

ኤን. ኬ. ጀሚሲን «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» የተባለውን፣ አምስተኛው ወቅት ማለት ነው፣ በ2015 አሳተሙ፤ ተከታዮቹን ሁለት ቅጾች በ2016 እና በ2017 አስከተሉ። ሦስቱም ቅጾች በተከታታይ ሦስት ዓመታት፣ ከ2016 እስከ 2018፣ የሁጎ ሽልማትን አገኙ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ምድር በመናወጧ ምክንያት በየዘመኑ ሥልጣኔ የሚጠፋበት አንድ አህጉር አለ። መናወጧን ጸጥ ለማሰኘት የሚችሉ ሰዎች ይፈጠራሉ፤ ሕዝቡ ግን ስለሚፈራቸው ይገድላቸዋል፤ መንግሥትም በሕፃንነታቸው ወስዶ እንደ መሣሪያ ያሠለጥናቸዋል። መጽሐፉ የሚጀምረው አንዲት እናት የትንሽ ልጇን ሬሳ በቤቷ ወለል ላይ ስታገኝ ነው። ልጁን ቀጥቅጦ የገደለው የገዛ አባቱ ነው። ይህን ያደረገውም ልጁ ያንን ኃይል መውረሱን ስላወቀ ነው። የእናትየዋን ክፍል ደራሲዋ የጻፉት በ«አንቺ» ነው። አንባቢው ከበር ቆሞ እንዲመለከት አይፈቀድለትም፤ ሬሳው አጠገብ የሚቀመጠው ራሱ ነው። በኋላም አንድ ሞግዚት የምትታዘዝ መሆኗን ለማረጋገጥ የአንዲትን ሕፃን እጅ የሚሰብርበት፣ ይህንንም ፍቅር ብሎ የሚጠራበት ቦታ አለ። ከዘንዶ ሁሉ ይልቅ ያ ገጽ ያስፈራል።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ልጅ ለሞተባት እናት መስጠት ይገባል ወይ? ብዙ ሰዎች ያለ ማመንታት «አይገባም» ይላሉ። ነገር ግን ኀዘን የደረሰበት ሰው ሁሉ መጽናኛ የሚፈልግ አይደለም። «ጊዜ ይፈውሰዋል» የሚለው ቃል የሰለቸው፣ ኀዘኑን ሳያሳንስ የሚያሳየውን ጽሑፍ የሚሻ ሰው አለ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ አብሮ የሚቀመጥ ዘመድ፣ ብዙ ከሚያጽናናው ይልቅ የሚወደድበት ጊዜ እንዳለ ማንም ያውቃል። የጀሚሲን መጽሐፍ እንደዚያ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው። ለማወቅ ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ ምን እንደሚጠብቀው መስማት አለበት።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በአር. ኤፍ. ኳንግ «ዘ ፖፒ ዎር» ላይ ነው። መጽሐፉ በ2018 ታትሞ በ2019 እና በ2020 ሁለት ቅጾች ተከተሉት። የመጀመሪያው አጋማሽ አንባቢን በደስታ የሚስብ ነው። ሪን የተባለች የጦርነት ወላጅ አልባ፣ ኦፒየም በሚነግዱ ሰዎች ቤት ያደገች ደሀ ልጅ፣ ያለ ፍላጎቷ ከመዳር ለማምለጥ ስትል ሌት ተቀን አጥንታ የአገሪቱን ከባድ ፈተና ታልፋለች፤ ከሁሉ የከበረውንም የጦር ትምህርት ቤት ትገባለች። እስከዚህ ድረስ በፈተና ዕድሉን ለመለወጥ የታገለ ወጣት ሁሉ ራሱን የሚያይበት ታሪክ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ብቻ አንብቦ ከሆነ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሰጠው ይችላል።

ከዚያም ጦርነቱ ይመጣል። ጎልን ኒስ የተባለችው ከተማ ከወደቀች በኋላ የተጻፈው ምዕራፍ የጃፓን ሠራዊት በ1937 በናንጂንግ ሕዝብ ላይ የፈጸመውን እልቂት መሠረት ያደረገ ነው፤ ደራሲዋም ይህንን አልሸሸጉም። የተደፈሩትን ሴቶችና የተከመረውን ሬሳ ያለ መጋረጃ ያሳያሉ። ይህን ያደረጉበት ምክንያት አለ። ምትሃታዊ ልብ ወለድ ለብዙ ዘመን ጦርነትን በሰንደቅና በመለከት ሲያስጌጥ ኖሯል፤ ኳንግ ያንን ጌጥ ገፈፉት። ከዚህም አልፈው የተበደለው ሰው የበቀል ኃይል ሲያገኝ ምን እንደሚሆን በሪን ያሳያሉ፤ መልሱም የሚያስደስት አይደለም።

እንግዲህ ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ወደ እርሱ እጁን የሚዘረጋው ማን ነው? ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት ቤታቸው የፈረሰ፣ ወገናቸው የሞተ፣ ወይም ራሳቸው ስሙ ሊነሣ የማይወደድ ግፍ የተፈጸመባቸው ሰዎች ዛሬ በየከተማው ይኖራሉ፤ ተማሪዎችም አሉባቸው። ጠረጴዛው ፊት የቆመችው ወጣት ከየት እንደ መጣችና ምን እንዳየች ሠራተኛው አያውቅም፤ ሊጠይቃትም መብት የለውም። ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ለማንም ሰው ሳይለይ፣ መጽሐፉ ከመካከሉ በኋላ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የተፈጸመ እልቂትንና አስገድዶ መድፈርን በዝርዝር እንደሚያሳይ መናገር። ለአንዱ ተናግሮ ለሌላው ዝም ማለት ራሱ ምርመራ ይሆናል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። አንዳንድ ባልደረቦች እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ዐዋቂን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው፣ ደራሲው በጥንቃቄ ያዘጋጀውንም ድንገተኛነት ያፈርሳል ይላሉ። የመጀመሪያው ነጥብ አያሳምንም፤ ሐኪም የመድኃኒቱን ባሕርይ ለበሽተኛው ሲያስረዳ እንደ ሕፃን ቆጠረው አይባልም። ሁለተኛው ግን ሊታሰብበት ይገባል። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚከዳ መናገር በእርግጥ መጽሐፉን ማበላሸት ነው። ስለ ክብደቱ መናገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። «ግማሹ የትምህርት ቤት ታሪክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጦርነት ነው፤ የናንጂንግን እልቂት የሚመስል ምዕራፍ አለው» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የታሪኩንም ቋጠሮ አይፈታም። ደግሞም እነዚህን መጻሕፍት ለአንባቢ ጤና በማሰብ ከመደርደሪያ ማንሣትና በመጋዘን መቆለፍ ከዝምታው የከፋ ነው። መከራን ያየ ሰው መከራን የሚያነብበትን ሰዓት ራሱ ይምረጥ።

ጦርነቱ የሚከብደው ነገር ግን ኳንግን ማንበብ የሚሻ ሰው በ2022 ወደ ታተመው «ባቤል» ሊመራ ይችላል። ታሪኩ በ1830ዎቹ በኦክስፎርድ የሚፈጸም ነው፤ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ቃል ሲተረጎም የሚጠፋው ትርጉም በብር ላይ ተቀርጾ ምትሃታዊ ኃይል ይሰጣል፤ የብሪታንያም ግዛት የሚንቀሳቀሰው በዚያ ኃይል ነው። ለተርጓሚዎችና ለቋንቋ መምህራን የቀረበ ግብዣ ነው። በግርጌ ማስታወሻ የተሞላ በመሆኑና አንዳንድ ጊዜ ክርክሩን አንባቢው ያልገባው ይመስል ደጋግሞ ስለሚያስረዳ ውበቱ ይቀንሳል።

የኔዲ ኦኮራፎር «ሁ ፊርስ ዴዝ» በ2010 የታተመ ሲሆን የሚፈጸመው በወደፊቱ ዘመን ሱዳን ነው። ባለታሪኳ ኦንየሶንዉ የተወለደችው በጦርነት ከተፈጸመ አስገድዶ መድፈር ነው፤ የስሟም ትርጉም የመጽሐፉ ርእስ ነው፤ «ሞትን ማን ይፈራል» ማለት ነው። የሴት ልጅ ግርዛት የሚፈጸምበት ትዕይንት ስላለበት ከእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ለአካባቢያችን ሕይወት በጣም የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ደራሲዋ ልማዱን በሩቅ ሆነው አይሰብኩበትም፤ ልጅቱ ራሷ ከእኩዮቿ ላለመለየት ስትል ፈልጋ ትሄዳለች። በአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ለውይይት ቢቀርብ ብዙ ያናግራል። ይሁንና ውይይቱን የሚመራው ሰው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ አንብቦ የሚጨርስ አንድ ሠራተኛ አይገኝም፤ ሊጠበቅበትም አይገባም። የአንድ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ግን ሁለት ሁለት መጽሐፍ ተከፋፍለው ቢያነቡና ስለ እያንዳንዱ አራት መስመር በካርድ ቢያሰፍሩ፣ ካርዱም በጠረጴዛው መሳቢያ ቢቀመጥ ሥራው ይቃለላል። የመጀመሪያው መስመር አካሄዱን፣ ሁለተኛው የእንግሊዝኛውን ክብደት፣ ሦስተኛው በውስጡ ያለውን ግፍ፣ አራተኛው ታሪኩ በዚያ ቅጽ ማለቅ አለማለቁን የሚናገር ቢሆን ይበቃል።

አራተኛው መስመር ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ቅሬታ የሚነሣው በእርሱ ነው። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ ታሪክ አምስተኛው ቅጽ በ2011 ከወጣ ወዲህ አንባብያን ስድስተኛውን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቁ ኖረዋል። የጀሚሲን ሦስት ቅጾች ግን የተጠናቀቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው በጥያቄ ላይ ስለሚቆም አንዱን ብቻ ገዝቶ ማስቀመጥ አንባቢውን መንገድ ላይ እንደ መጣል ይቆጠራል። የጃማይካው ተወላጅ ማርለን ጄምስ ደግሞ ለየት ያለ መንገድ ይዘዋል። በ2019 ያወጡት «ብላክ ሌፐርድ፣ ሬድ ዉልፍ» እና በ2022 ያወጡት «ሙን ዊች፣ ስፓይደር ኪንግ» ስለ አንድ የጠፋ ልጅ ፍለጋ ሁለት ምስክሮች የሚሰጡት የተለያየ ቃል ነው፤ ሦስተኛ ቅጽም ታቅዷል። ከአፍሪካ ሥነ ቃል የተቀዱ ደም መጣጮችና ቅርጻቸውን የሚለዋውጡ ፍጡራን ይርመሰመሱበታል። የመጀመሪያው ቅጽ ሥርዓቱ የተዘበራረቀ፣ ጭካኔውም የበዛ በመሆኑ ብዙ አንባብያን ሳይጨርሱ ይመልሱታል። በሁለተኛው የምትናገረው ሶጎሎን የተባለችው ሴት ግን ከልጅነቷ ጀምራ በቅደም ተከተል ስለምትተርክ ታሪኩ ይከፈታል። ሁለተኛውን አስቀድሞ ማንበብ ስለሚቻልም፣ አንዱን ብቻ ለመግዛት የሚችል ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛውን ይግዛ።